«በ2 ሰዓት ዘግይቶ» ስንት ሰዓት ነው? የትምህርት ቤት መልእክት ቤታችሁ ውስጥ የሚያነበው ማን ነው?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ያለነው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እኔ የማታ ፈረቃ ነኝ፤ ባለቤቴ ሳይነጋ ትወጣለች። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ልጃችንን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርሰው እናቴ ናት። ሁለተኛውን ስንወልድ ልታርስ ከደሴ መጣች፤ አራሷ ከተነሣች ቆየች፣ እናቴ ግን ለልጆቹ ስትል እስካሁን አለች። ትምህርት ቤቱ ለወላጅ መልእክት የሚልክበትን መተግበሪያ ስልኳ ላይ ጫንኩላትና ቋንቋውን አማርኛ አደረግኩት። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር። እኛ ልጆች እያለን ከትምህርት ቤት የሚደርሳት ነገር እኔ አጥፍቼ ስትጠራ ብቻ ነበር። አሁን የሳምንቱን የምሳ ዝርዝር ሳይቀር በአማርኛ ታነባለች።

በረዶ የጣለ ዕለት ገና ሳይነጋ መልእክት ገባ፦ «ዛሬ ትምህርት ቤት በ2 ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል።» ትምህርት የሚጀመረው በፈረንጅ 7:45 ነው፤ በእኛ ለሁለት ሩብ ጉዳይ። እናቴ አሰላችው። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ይከፈት የነበረው በ2 ሰዓት ከተከፈተ የዘገየው ሩብ ሰዓት ነው፤ ለበረዶው ብለው ነው፤ ደግ አደረጉ። ልጁን ጠቅልላ፣ በረዶውን እየረገጡ ሄደው፣ ልክ በ2 ሰዓት በሩ ላይ ቆሙ። በሩ የሚከፈተው ግን ለአራት ሩብ ጉዳይ ነበር። በረዶ ሊጠርግ የወጣ ሠራተኛ አይቷቸው እስኪያስገባቸው ድረስ አርባ ደቂቃ ያህል ቆመዋል።

ነገሩን ስሰማ ልቆጣት ብዬ መልእክቱን ከፈትኩት። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስህተት አጣሁበት። እንግሊዝኛውን ስለማውቀው ነው እንጂ አማርኛውን ብቻ ቢሰጡኝ እኔም በ2 ሰዓት እገኝ ነበር።

እና እናንተ ዘንድ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን የሚያነበው ማን ነው? በምን ቋንቋ? ሲያነበውስ ምን ሆኖ ይደርሰዋል?

ከዚያ በኋላ የተባለው

ክሩ፣ ይህ የመድረኩ ውይይት ማለቴ ነው፣ በአራት ቀን 41 ምላሽ ደረሰ። ከመሃል የገቡ ሰዎች ከላይ የተባለውን ሳያነቡ እየጻፉ ነገሩ ስለተደበላለቀ፣ የሆነውን በቁጥሩ ተራ እተርካለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፤ በራሴ አፍ ነው። አንዳንዱ ላይ የራሴን አስተያየት ጣል ማድረጌ አይቀርም፤ ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝና ይቅር በሉኝ።

1፦ የመጀመሪያዋ መላሽ እዚሁ አካባቢያችን የምትኖር እናት ናት። አይዞህ ብላ ጀምራ፣ የእነሱ ቤት ታሪክ ከእኛ እንደሚብስ ነገረችን። አማቷ አሜሪካ ሦስት ዓመት ስለቆዩ የፈረንጅ ሰዓት ለምደዋል፤ ያው «በ2 ሰዓት ዘግይቶ» ሲደርሳቸው ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ነው ብለው ተረዱ። ልጅቷን አስተኙ፣ ምሳ አበሉ፣ ሊያደርሷት ሲነሡ ትምህርት ቤቱ ሊለቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያን ዕለት ልጅቷ ያለ ፈቃድ ቀረች ተብላ ተመዘገበች። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሰዓት ወጣ ማለት ነው፤ የእናቴ፣ የእሳቸውና የትምህርት ቤቱ።

2፦ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ ያሉ አባት ጥፋቱን ሁሉ «በ» ላይ ጣሉት። ፊደሏ ጊዜ ጠቋሚ ስለሆነች፣ «በ2 ሰዓት» የተባለ ሁሉ ወደ ሰዓት መቁጠሪያው እንደሚያይ፣ «ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ» ቢባል ግን ማንም በረዶ ላይ እንደማይቆም አስረዱ።

3፦ ሌላ ሰው በአክብሮት አረማቸው። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል ስንል «በ» የምትነግረን መጠኑን ነው፣ ስለዚህ በሁለት ሰዓት ዘገየ ማለትም ደህና አማርኛ ነው፤ ችግሩ ሰዋስው ሳይሆን በሩ የሚከፈትበት ሰዓት አለመጻፉ ነው አለ። አባትም ልክ ነህ ልጄ ብለው ተቀበሉ። በዚህ መድረክ እንዲህ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር ቀኑን እመዘግባለሁ።

4፦ የልጁ እግር ደህና ነው ወይ ብላ የጠየቀች አንዲት እህት ናት። ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ማንም አልጠየቀም።

5፦ ይህ ብዙ ነገር የገለጠልኝ ምላሽ ነው። የጻፈችው እዚህ አሜሪካ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሮ የምትሠራ ሐበሻ ናት። በረዶ ሲጥል መንገዱን የሚያዩ ሰዎች ሌሊት ይወጣሉ፤ ውሳኔው የሚወሰነው ሳይነጋ ነው፤ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ከዚያ መተግበሪያው ራሱ እንደየቤተሰቡ ምርጫ ይተረጉመዋል። አማርኛውን ከመላኩ በፊት የሚያይ ሰው የለም። በሰው እጅ የሚተረጎመው ትልልቁ ነገር ነው፤ የምዝገባ ቅጽ፣ የሥነ ምግባር ደንብ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሰነድ። ለምሳሌ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰነዶቹን ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ሲያትልም እንዲሁ። ሰው ተቀምጦ የተረጎመውን ስታነቡት ለዛው ራሱ ይለያል። ነገር ግን በአንድ ሌሊት ለሚወሰን የበረዶ ነገር ተርጓሚ የሚቀሰቅስ የለም። ጉግል አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 እንደሆነና ከዚያ በፊት ይህ መስመር በእንግሊዝኛ ብቻ ይደርሰን እንደነበርም አስታወሰችን። ምክሯ ደግሞ ለጸሐፊዋ ንገሯት ነው፤ ከመነሻው በእንግሊዝኛው ላይ በሩ በ9:45 ይከፈታል ብላ ብትጽፍ ማሽኑም አይሳሳትም።

6፦ የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ማሽኑ ምን ብሎ እንደሚያመጣው ሞክሮ አየው። የወጣለት «ከጠዋቱ 9:45» ነው። እንግዲህ የደሴ ሴት 9:45 ስትል ከሰዓት በኋላ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ማለቷ ነው፤ ጠዋት የሚባል 9:45 የላትም። ስለዚህ የእሱ አስተያየት ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ካልጻፉ ምንም አልተጻፈም ነው። 5ኛዋ መልሳ እውነትህን ነው፣ እኔ ራሴ ቢሮ ስሆን በፈረንጅ፣ ቤት ስገባ በሐበሻ ስለማስብ አላስተዋልኩትም አለች።

7፦ ሰዓት ብቻ አይደለም፣ ቀኑስ አለ ሰውየው። በእሱ ቤት 10/3 የሚል ወረቀት መጥቶ፣ ወር ቀድሞ እንደሚጻፍ ያላወቀችው ባለቤቱ ቀኑን አስቀድማ መጋቢት ብላ ያዘችው። የክትባት ማስረጃ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ነበር። ጥቅምት ገብቶ ልጁ ከክፍል ሲመለስ ነው የተረዱት።

ከ8 እስከ 10፦ ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ሳቅ ሆነ። ትምህርት ቤቶች ልጆች በየቀኑ የተለየ ልብስ እየለበሱ የሚመጡበት የሞቅ ሞቅ ሳምንት አላቸው፤ እሱ «የመንፈስ ሳምንት» ሆኖ ደረሳቸውና አያት ጸበል ይዘው ሊሄዱ ተነሡ። ፀጉር አበላሽቶ የመሄጃው ቀን «የእብድ ፀጉር ቀን» ተባለ፤ የሰው ልጅ እንዴት እብድ ይባላል ብለው የተቀየሙ አባት ለርእሰ መምህሩ አቤቱታ ሊጽፉ ምንም አልቀራቸውም። 10ኛው ደግሞ የልጁ መምህርት ለ«ኮንፈረንስ» ጠራችህ ሲባል ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ሥራ አስፈቅዶ ሄደ። የጠበቀው አዳራሽና ድምፅ ማጉያ ነበር። ያገኘው የሕፃናት ወንበር ነው፤ ጉልበቱ አገጩን እየነካው አሥራ አምስት ደቂቃ ስለ ልጁ ንባብ ተነግሮት ተሸኘ።

11፦ ሳቁን ያቆመው ይህ ነው። ስንት ዓመት ኖራችሁ እስካሁን የሰው አገር ቋንቋ ካልቻላችሁ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ጀመረ። በነፃ ያስተምሩላችኋል፣ በነፃ ያበሉላችኋል፣ ተርጉመው ይልኩላችኋል፣ እናንተ «በ» ጠመመች ብላችሁ ታለቅሳላችሁ አለ። አገር ቤት ይህ ሁሉ አለ ወይ ብሎም ጠየቀ። አነጋገሩ ይከብዳል፤ ግን የመጨረሻው ጥያቄው በኋላ ጥሩ መልስ አስገኝቷል።

12፦ አንዲት ሴት ቁጣዋን ሳትደብቅ፣ ለመፍረድ መጀመሪያ ማንበብ ይገባል አለችው። ያነበቡት እናት አራስ ሊያርሱ የመጡ ሴት እንጂ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው አይደሉም። የልጅ ልጅ እያሳደጉ፣ አዲስ ስልክ እየተማሩ፣ በዚያ በረዶ ወጥተው ሄዱ፤ አንተ በዚያ ሰዓት የት ነበርክ ብላ ጠየቀችው። አልመለሰም፤ ለጊዜው።

13፦ ሕግ የሚያውቅ ሰው ገባ። የቋንቋ ነገር ልግስና እንዳልሆነ ሊያስረዳ ከሩቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት ሰውን እንዳያገል ይከለክላል። በ1974 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ባቀረቡት ክስ፣ ለማይገባው ልጅ አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት ብቻ እኩል ማስተማር እንዳልሆነ ወሰነ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የራሷን ሕግ አወጣች፤ አንድ ቋንቋ የሚናገረው ሕዝብ መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ሦስት በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰውን ከሞላ፣ ዋና ዋና ሰነዶች ይተረጎሙለታል። አማርኛ እዚያ የገባው በዚህ በር ነው፤ አደባባይ ወጥተው ለዚያ የደከሙ የእኛ ሰዎችም አሉ አለ።

14፦ ወዲያው እርማት ተከተለ። የዲሲው ሕግ ለዲሲ ነው፣ ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂንያና ሜሪላንድ ላይ አይሠራም። ደግሞም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለቋንቋ አገልግሎት ሲመሩበት የነበረው የ2000ው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ተሽሯል፤ የ1964ቱ ሕግ ግን የምክር ቤት ሕግ ነውና በቦታው አለ። ይህ ሰው ጠበቃ ይሁን አይሁን አልነገረንም፤ አጻጻፉ ግን የጠበቃ ነው። ሲጨርስ አንድ ነገር አሳሰበ፦ ስብሰባ ስትጠሩ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ልጃችሁን ለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጉት።

15፦ የ14ኛው የመጨረሻ መስመር ነው ይህን ያመጣው። ከእስራኤል የጻፈ፣ ክሩ ውስጥ ከሁሉም የወደድኩት ምላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ባጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ ሲሄዱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው ነው የተጓጓዘው፤ እሱ ግን ከአውሮፕላኑ የሚያስታውሰው ወንበር አለመኖሩን ነው። በዓመቱ ዕብራይስጥ ለቀመና የቤቱ ደብዳቤ አንባቢ ሆነ። ትምህርት ቤት የሚልከውን የሚያነብ እሱ፣ የሚያስተረጉም እሱ፣ የተከሰሰውም እሱ። ስለዚህ የመጣ ወረቀት ሁሉ ልጅዎ ጎበዝ ነው የሚል ሆነ። አንድ ቀን አባቱ ራሳቸው ተጠሩ። መምህርቷ እጇን እያወናጨፈች ረጅም ሰዓት ተናገረች፤ እሱ ዞሮ ጎበዝ ነው ብላለች አለ። ደግማ ተናገረች፤ በጣም ጎበዝ ነው አለ። አባት ምንም ሳይሉ ወጡ። መንገድ ላይ ቀስ ብለው፣ ይህ ሁሉ ዕብራይስጥ በአማርኛ ሲሆን እንዴት እንዲህ ያጥራል ብለው ጠየቁት። አልመቱትም። እስከ ዛሬ ምነው በመቱኝ ይላል።

በኋላ ትምህርት ቤቶቹ ከማኅበረሰቡ የወጡ አገናኞችን መቅጠር ጀመሩ፤ በዕብራይስጥ መጋሼር ይሏቸዋል፤ ሁለቱንም ቋንቋና ሁለቱንም ባህል የሚያውቁ። የእሱ ዘመን ሲዘጋ ለታናናሾቹ ተከፈተ። አሁን እሱ ራሱ አባት ነው፤ መልእክቱ በዋትስአፕ ከክፍሉ የወላጆች ኮሚቴ ይመጣል፣ ሁሉንም ይገባዋል። ነገር ግን የቤተ እስራኤላውያን በዓል ሲግድ ሲደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገር በዓል ከሆነ ወዲህ ማለት ነው፣ መምህርቷ አያት መጥተው ለልጆቹ ስለ በዓሉ ይንገሩ ብላ ትልካለች። እናቱ ዳቦ ጋግረው፣ ነጭ ለብሰው ይሄዳሉ። ለእሳቸው ተብሎ ከትምህርት ቤት የመጣ የመጀመሪያው መልእክት ይህ ነው አለ።

16፦ 11ኛው ለጠየቀው ጥያቄ ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። ልጇን የግል ትምህርት ቤት የምታስተምር እናት ናት። እናንተ ዋሽንግተን ሆናችሁ በአማርኛ ይላክላችኋል፤ እኔ ቦሌ ሆኜ በእንግሊዝኛ ይላክልኛል አለች። ደብዳቤው «ዲር ፓረንትስ» ብሎ ይጀምርና የዩኒፎርሙን ቀለም፣ የሰርቪሱን መነሻ፣ የፈተናውን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ይዘረዝራል። ልጁን የሚያመላልሱት አያቱ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ፣ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን ግን ገልብጠው ነው የሚያስቀምጡት። በአማርኛ ላኩ ብላ ስትጠይቅ ቢሮው ያሉት ወላጆች እንግሊዝኛ መሆኑን ይወዱታል፣ የከፈሉበት ነው ብሎ መለሰላት። በእንግሊዝኛ የማይጻፍ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩና የቅጣቱ መጠን። እሱ በደማቅ አማርኛ ይመጣል።

ይህን ሳነብ ክሩን የከፈትኩበትን ጥያቄ ራሴ እንደገና አሰብኩት። እናቴ የቆመችው በተሳሳተ ሰዓት ነው እንጂ ቢያንስ እንድታነብ ታስቦላታል። ያም ሆኖ ግን ቆማለች።

17፦ ሌላዋ የአዲስ አበባ እናት ስለ ቴሌግራም ግሩፕ አማረረች። በክፍሉ ግሩፕ ስልሳ ወላጅ አለ። መምህሩ ነገ የቀለም እርሳስ ይያዙ ብሎ ይጽፋል፤ ከሥር አርባ «እናመሰግናለን»፣ ሃያ አበባ፣ አንድ የበዓል መልካም ምኞት፣ አንድ የሚሸጥ መኪና። ማታ ከሥራ ስትገባ ከዚያ ሁሉ አበባ ውስጥ እርሳሱን መፈለግ ሥራ ሆኖባታል።

18፦ እርሳስ የምትፈልጊው ስልክ ስላለሽ ነው አላት አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር፣ ከረር ባለ ቃል። የእሱ ተማሪዎች እናቶች እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ልብስ አጥበው የሚያድሩ ናቸው፤ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ማስታወቂያ የሚነገረው ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ ማጉያ ነው። መልእክተኛው ልጁ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ከሰልፍ እስከ ቤት ድረስ መልእክት ይዞ እንዲደርስ መጠበቅ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው አለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው አስተዳደር ደብተርና ዩኒፎርም ይሰጣል፣ ምገባም አለ፤ ይህ ብዙ ልጅ ከመቅረት አድኗል። ሆኖም የዩኒፎርም መለኪያው ቀን ሰልፍ ላይ ተነግሮ፣ ልጁ ረስቶት፣ ዓመቱን ሙሉ እጅጌው ክንዱ ላይ የቀረ ተማሪ አለኝ አለ።

19 እና 20፦ ወላጆች በወመህ (በወላጅ መምህር ኅብረት) በኩል ለምን አይነጋገሩም ያለ ሰው ነበር። ሌላው ወመህ የድሮ ስሙ ነው፣ አሁን ተማሪም ስለገባበት ወተመህ ነው የሚባለው ብሎ አረመው። ክርክሩ ወደ ስያሜ ዞሮ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ያተረፍኩት አንድ ነገር ነው፤ እኛ የተማርንበት እስከ ስምንት የነበረው አንደኛ ደረጃ አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ስድስተኛ ላይ እንደሚያበቃና ሰባትና ስምንት መካከለኛ ደረጃ እንደተባሉ አላውቅም ነበር።

21፦ የክፍያ ነገር ተነሣ፤ ይነሣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስሙን ሊጠራው ያልፈለገ ትምህርት ቤት ለውይይት ብሎ ቅዳሜ ጠራቸው። በር ላይ ስም ጽፋችሁ ፈርሙ ተባሉ። ውይይቱ ጭቅጭቅ ሆኖ ያለ ስምምነት ተበተነ። በሳምንቱ ጭማሪው በወላጆች ፊርማ የጸደቀ ሆኖ ተለጠፈ፤ ፊርማው በር ላይ የፈረሙት ነው። ከዚህ ሥር የተጻፉት ሁለት ምላሾች ስድብ ስለነበረባቸው የመድረኩ አስተናጋጅ አንሥቷቸዋል፤ እኔም አልደግማቸውም።

24፦ 11ኛው ሰው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር። የእሱ እናት ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አንብበው አያውቁም፤ ትምህርት ቤቱ ኢትዮጵያዊ ናችሁ ብሎ የሚልክላቸው በአማርኛ ነው። ስለዚህ አማርኛው ተስተካከለ አልተስተካከለ እሱ ቤት የሚለውጠው ነገር የለም፤ መጀመሪያም የተናደደው ለዚህ ነበር። ከመጀመሪያው እንዲህ ብሎ ጽፎት ቢሆን 12ኛዋ አብራው ትቆጣ ነበር። ትግርኛ ተናጋሪ የሆነች እህትም የእኛም እንዲሁ ነው አለች።

26፦ ከዚህ ጋር አንድ ከባድ ነገር ተነሣ። እናቷ ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት ሴት፣ በአማርኛም ይጻፍ በቻይንኛ ለእናቴ አንድ ነው ብላ ጻፈች። እሳቸው የሚሰሙት ድምፅ ነው። ስለዚህ ሠርክ ማታ ሥራ ቦታ ሆና የመጣውን መልእክት አንብባ፣ በድምፅ ቀድታ ትልክላቸዋለች፤ ነገ ቁምጣ ይልበስ፣ ነገ ምሳ አይያዝ። እናትየው እነዚያን ድምፆች አያጠፉም። ሲናፍቋት ደግመው ያዳምጧቸዋል።

ከ27 እስከ 31፦ «ወላጅ አምጣ»። አንድ ሰው እናቴ ከትምህርት ቤት መልእክት መጣ ስትባል አሁንም ትደነግጣለች፣ ምን አጠፋ ነው የምትለው ብሎ ጻፈ፤ ከኋላው ሰው ግር ብሎ መጣ። እኛ ባደግንበት ዘመን ትምህርት ቤት ወላጅን የሚፈልገው ለጥፋት ነበርና። ከዚያም ወላጅ ስለ መከራየት ተወራ። አንዱ ለሊስትሮ ሁለት ብር ከፍሎ አጎቴ ነው ብሎ ወሰደው፤ ሊስትሮው ነገሩን ከልቡ ይዞት ዩኒት ሊደሩ ፊት በጥፊ አጮለው። ሌላው የቀጠራቸው ሽማግሌ የርእሰ መምህሩ የዕቁብ ጓደኛ ሆነው ተገኙ። 18ኛው መምህር እዚህ ላይ ገብቶ አሥራ ስምንት ዓመት ሲያስተምር ስንቱን የተከራየ አባት አውቆ እንዳላወቀ ሆኖ እንዳስተናገደ ነገረን፤ የተከራየውም ቢሆን መክሮት ይሄዳል አለ።

32፦ ከጀርመን የጻፈው አጭር ነው። እዚያ የበጋው ሙቀት ሲበረታ ልጆች ቀደም ብለው ይለቀቃሉ፤ የመጀመሪያ ጊዜ መልእክቱ ሲደርሰው ያመመው ልጅ ያለ መስሎት በታክሲ በሮ ደረሰ።

ከ33 እስከ 37፦ ምሳ ዕቃ ውስጥ እንጀራ ይቋጠራል ወይስ አይቋጠርም። ከጉዳዩ የወጣ ስለሆነ እዘለዋለሁ። የተጋጩት ሁለቱ ባልና ሚስት መሆናቸው መጨረሻ ላይ ነው የታወቀው።

38፦ 6ኛው ሰው ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሠርቶ አመጣ። በአንድ በኩል የፈረንጅ ሰዓት፣ በሌላው የእኛ፤ ከዚያ ሦስት መስመር ብቻ። በአዘቦት የሚከፈትበት፣ ሲዘገይ የሚከፈትበት፣ ቀድሞ ሲለቅ የሚለቅበት። ባዶውን ቦታ እያንዳንዱ የራሱን ትምህርት ቤት ሰዓት ይሞላበታል። አትሜ ለጥፌዋለሁ።

39፦ 5ኛዋ የቢሮ ሠራተኛ አለቃዋን አነጋግራ፣ ከእንግዲህ የበረዶ መልእክት ላይ የሚከፈትበት ሰዓት እንዲጻፍ ተስማምተናል አለች። የሐበሻ ሰዓት ጨምሩ ስትላቸው ግን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው ስትላቸው፣ አንዱ ባልደረባዋ ይሄ ይሻላል ብሎ ሄደ።

40፦ ይህ የእኔ ነው፤ እናቴ ያስጻፈችኝ። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ መሰንበቱን ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ ሁለት ነገር ጻፍ አለችኝ። አንደኛ እሷ አልተሳሳተችም፤ ሁለት ሰዓት ሁለት ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ያ በረዶ የሚጠርገው ሰውዬ ልጁን ወስዶ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጦት ነበር፤ ስሙን ሳትጠይቅ ወጣች፤ ለፋሲካ ድፎ ልታደርስለት ትፈልጋለችና ስሙን ከቢሮ ጠይቅልኝ።

41፦ የመጀመሪያዋ መላሽ ናት፣ ዛሬ ጠዋት። አዲስ መልእክት ደርሷታል፤ ዓርብ ትምህርት ቤት «በ2 ሰዓት ቀድሞ ይለቃል» ይላል። አማቷ ከአሁኑ ጫማቸውን አዘጋጅተው ስንት ሰዓት ልሂድ እያሉ ነው። እኔ ገና አልመለስኩላትም፤ እንግሊዝኛውን ላኪልኝ ብያታለሁ።